«የተጠበሰው እንቁላል»፦ የ911 ፊት የተቀየረበት ጉዳይ

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

ስለ መኪና መልክ የሚነሳ ክርክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ዘመኑ ተቀይሯል፣ መኪናዋም ትቀየር» ይላል። ሌላው «መልኳን አታጥፉብን» ይላል። ሁለቱም ይጮኻሉ። ከዚያ ሌላ ሞዴል ይወጣና ጩኸቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ማን ልክ እንደነበር የሚታይበት አጋጣሚ ብዙም አይገኝም።

በጀርመኗ የስፖርት መኪና በፖርሼ 911 ላይ ግን አንዴ ተገኝቷል። ኩባንያው በ1997 የመኪናዋን ፊት ለወጠው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በከፊል አስተካከለው። በ2004 ደግሞ ወደ ድሮው መለሰው። ከቆዳዋ ሥር ያለው ነገር ከ1997 በኋላ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመሠረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ሰዉ የተቆጣው በምኑ እንደሆነ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ቢያንስ መገመት ይቻላል። መዝግቤ ላስቀምጠው ያልኩት ለዚህ ነው።

በውሳኔው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በስም አልጠራም፣ የሥራ ድርሻቸው ይበቃል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኋላ ታሪክ

911 ለሕዝብ የታየችው በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ነው። ያኔ ስሟ 901 ነበር። ፔጆ «መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው» ብሎ ተቃወመና ዜሮው በአንድ ተተካ። ሞተሯ ከኋላ ጎማዎቹም ወደ ኋላ አልፎ ተቀምጧል። ስድስት ሲሊንደር አለው፣ ሦስቱ ወደ ግራ ሦስቱ ወደ ቀኝ የተጋደሙ። የሚያቀዘቅዘው ያኔ አየር ነበር። የውሃ ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበራትም።

ፊቷን እንየው። ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች ከኮፈኑ ከፍ ብለው እንደ ሁለት ቱቦ ወደ ፊት ይመጣሉ። በየጫፋቸው አንዳንድ ክብ መብራት አለ። ኮፈኑ በመሐላቸው ዝቅ ብሎ ያልፋል። መሪ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ ጉብታዎች በመስታወቱ ፊት ለፊት ይታዩታል። ፍሬቻዎቹ ከመብራቱ ተለይተው ከታች ናቸው። ልጅ «911ን ሣል» ቢባል ሁለት ክብና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ጣሪያ ሥሎ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ይጠቅመናል። ክቡ መብራት በ1963 የፖርሼ መለያ አልነበረም። የዘመኑ መብራት ስለነበረ ብቻ ነው የተገጠመው። አሜሪካ ከ1940 ጀምሮ መኪኖች ሁሉ ልኩ የተወሰነ፣ እንደ አምፖል የታሸገ ክብ መብራት እንዲገጥሙ ታስገድድ ነበር። ሌላው ዓለምም በአመዛኙ ክብ ነበር የሚያበራው። ሌሎች መኪኖች ቀስ በቀስ ወደ አራት ማዕዘንና ወደ ሌላ ቅርጽ ሄዱ። 911 ባለችበት ቀረች። ሳይታሰብ የተገጠመው ነገር ከሰላሳ ዓመት በኋላ መታወቂያ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚህ ዓመታት መኪናዋ ምንም አልተነካችም ማለት አይደለም። በ1974 የአሜሪካን የግጭት ሕግ ለማሟላት ወፍራም ባምፐር ተገጠመላት፣ ያኔም የተከፋ ነበር። በ1993 የወጣችው 993 በሚል ቁጥር የምትታወቀው ትውልድ ደግሞ ፓራፋንጎዋ ዝቅ፣ መብራቷ ወደ ኋላ ጋደም አለ። ክብነቱን ግን የነካው የለም።

ኩባንያው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ትምህርት ቀምሷል። በ1977 ሞተሯ ከፊት የሆነና በውሃ የምትቀዘቅዝ 928 የምትባል መኪና አወጣ። ሐሳቡ 911ን በሂደት እንድትተካ ነበር። 928 መጥፎ መኪና አልነበረችም። የ1978 የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተብላ ተሸልማለች። ገዢው ግን ልቡ ወደ ድሮዋ ነበር። በ1981 አዲስ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ወደ ዋናው መሐንዲስ ቢሮ ይገባል። ግድግዳው ላይ የምርት ዕቅድ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። የሌሎቹ ሞዴሎች መስመር ወደፊት ይቀጥላል፣ የ911 መስመር ግን እዚያው 1981 ላይ ያበቃል። ሰውዬው እስክሪብቶ አንስቶ መስመሩን ቀጠለው። ወረቀቱ አለቀ፣ እሱ ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ነገሩ ሲተረክ ጨው ቅመም ሳይጨመርበት አይቀርም፣ ውሳኔው ግን እውነት ነው። 911 ተረፈች።

ችግሩ

በ1986 ፖርሼ በዓመት ከ50,000 በላይ መኪና ይሸጥ ነበር። በ1993 ሽያጩ ወደ 14,000 ገደማ ወረደ። የአሜሪካ ገበያ ብቻውን ከ30,000 ወደ 4,000 እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ነው የወደቀው። ዶላር ረክሷል፣ መኪኖቹ አርጅተዋል፣ አሠራሩ ደግሞ ውድ ነው። ኩባንያው እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት ቤተሰብ መኪኖች ነበሩት። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

911 የራሷ ችግር ነበረባት። የጭስና የድምፅ ሕግ በየዓመቱ እየጠበቀ ሄዷል። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ዙሪያውን ያለው ውሃ ድምፅ ያፍንለታል፣ የአየሩ ሞተር ይህ የለውም። በዚያ ላይ በአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ለመግጠም ሲፈለግ ሙቀቱን በአየር ብቻ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ፖርሼ ራሱ በ1980ዎቹ ባወጣት 959 ላይ የሞተሩን ራስ በውሃ፣ ሲሊንደሮቹን በአየር ነበር ያቀዘቀዘው። መሐንዲሶቹ የመንገዱን ማብቂያ ቀድመው አይተውታል።

ስለዚህ ጥያቄው «እንለውጥ ወይስ አንለውጥ» አልነበረም። ካልለወጡ የሚለውጡት ኩባንያም አይኖርም። ጥያቄው «የቱን ለውጠን የቱን እንተው» ነበር። ጠቡም የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

የተወሰደው እርምጃ

ከማምረቻ ክፍል ያደገው አዲሱ የኩባንያው ኃላፊ የጃፓን አማካሪዎችን አስመጥቶ ፋብሪካውን ከሥሩ አናወጠው። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሁለት መኪና በአንድ ላይ ይነደፋሉ። አንዷ አዲሷ 911 ናት፣ ቁጥሯ 996። ሌላዋ ረከስ ያለች፣ ሞተሯ ከመሐል የሆነ ክፍት መኪና ናት፣ ስሟ ቦክስተር። በጥር 1993 ዲትሮይት ላይ የቦክስተር ናሙና ታየች፣ ሰዉም ወደዳት። የገንዘቡን ችግር የሚፈታው ግን ቁንጅናዋ አልነበረም። ሁለቱ መኪኖች ከአፍንጫቸው እስከ በራቸው ያለውን አካል ይጋሩ ተባለ። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ በር፣ የፊት መብራት።

መብራቱን ቀረብ ብለን እንየው። በድሮዋ መኪና መብራቱ ለብቻ፣ ፍሬቻው ለብቻ፣ የጉም መብራቱ ለብቻ ይገጠም ነበር። በአዲሷ ሁሉም በአንድ የፕላስቲክ መስታወት ሥር ገቡ። አጭሩ መብራት፣ ረጅሙ መብራት፣ ፍሬቻው፣ የጉም መብራቱ፣ ሁሉም አንድ ዕቃ ሆኑ። የፊቱን ሻንጣ ከፍተህ ምንጣፉ ላይ ካለችው ቀዳዳ ቁልፍ ታስገባለህ። ታዞራለህ፣ ይላቀቃል። ከዚያ መብራቱን በሙሉ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ስትስበው እጅህ ላይ ይቀራል። ማስገባቱም እንደዚያው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ እንደ ዕቃ ጎበዝ ሥራ ነው እላለሁ።

መልኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃው ወደ ታች የፈሰሰ ቅርጽ አለው፣ ጥጉ ላይ ብርቱካናማው ፍሬቻ ተቀምጧል። ጀርመኖች ወዲያው ስም አወጡለት፣ «የተጠበሰ እንቁላል» አሉት። ስሙ አገር ለአገር ዞረ። እውነትም አንዴ ከነገሩህ በኋላ ሌላ ነገር አይታይህም፣ ነጩ ተዘርግቶ አስኳሉ ወደ ዳር ፈሷል።

ቦክስተር በ1996 ገበያ ገባች። 996 በ1997 መስከረም ፍራንክፈርት ላይ ታየች። የመጨረሻዋ በአየር የምትቀዘቅዝ 911 በ1998 ከፋብሪካ ወጣች።

ምን ተፈጠረ

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ታናሽ እህት ቀድማ ወጥታለች። ታላቅ እህት ስትመጣ ሰዉ ፊቷን ከዓመት በፊት ያውቀዋል፣ በርካሿ መኪና ላይ። አሜሪካ ውስጥ ቦክስተር ወደ 40,000 ዶላር ገደማ ነበረች፣ 911 ወደ 65,000 ገደማ። 25,000 ዶላር ጨምሮ የገዛ ሰው ከፊቱ ያለው ሹፌር በመስታወት ሲያየው ቦክስተር ነው የሚመስለው። ይህን ለማንም ማስረዳት አይቻልም።

ከዚህ ጋር ሁሉም ለውጥ በአንድ ቀን መጣ። ሞተሩ ውሃ ሆነ፣ ያ ደረቅ፣ ማራገቢያው የሚያጓራበት ድምፅ ጠፋ። መኪናዋ በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ረዘመች። ክሩስኮቱ አዲስ ሆነ፣ ለየብቻ የነበሩት አምስት ክብ ሰዓቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረቡ። ከወለሉ ይነሱ የነበሩት ፔዳሎች ከላይ ተንጠለጠሉ። የቀረውም ነገር ብዙ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የጣሪያው መስመር አለ፣ ትንንሾቹ የኋላ ወንበሮች አሉ፣ የሞተር ማስነሻ ቁልፉም እንደ ድሮው ከመሪው በግራ ነው። ይህን የቆጠረ ግን አልነበረም። ሁሉም መብራቱን ነበር የሚያየው።

የውሃ ሞተሩን ያልወደደ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ሞተሩ አይታይም። በወረቀት ላይ ደግሞ የተሻለ ነው። መብራቱ ግን ከሩቅ ይታያል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ለአየር ሞተሩ የተለቀሰው ለቅሶ ግማሹ በመብራቱ ላይ ነው የወረደው ብዬ አምናለሁ።

የሠራውና ያልሠራው

እንደ መኪና ሠርቷል። ሞተሩ ከ3.6 ወደ 3.4 ሊትር አንሶ ጉልበቱ ከ285 ወደ 300 ፈረስ ጨመረ። የአየር ተቃውሞ ቁጥሯ ወደ 0.30 ዝቅ አለ። ሞተሯ በኋላ የራሱ የሆነ የአስተማማኝነት ሐሜት አስከትሏል፣ እሱ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው።

እንደ ንግድም ሠርቷል። 993 በሕይወት ዘመኗ ከ68,000 ትንሽ በላይ ነበር የተመረተችው። 996 ከ175,000 በላይ ተመረተች። ኩባንያው ከመዘጋት አፋፍ ተመልሶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም አትራፊ መኪና ሠሪዎች ተርታ ገባ። «ፊቱን አበላሻችሁት» የሚለው ሰው ይህን ቁጥር መመለስ አለበት።

ያልሠራው ፍቅሩ ላይ ነው። የሽያጭ ቁጥር ይህን አያሳይም፣ ያገለገለ መኪና ገበያ ነው የሚያሳየው። የመጨረሻዎቹ የአየር 911ዎች ዋጋ ወደ ላይ ሲተኮስ 996 ለብዙ ዓመታት ከ911 ሁሉ ርካሿ ሆና ቀረች። አዲሷን የገዛት ሰው መኪና ስለሚፈልግ ገዛት። አሮጌዋን የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው ትዝታ ጭምር ነው፣ ትዝታው ደግሞ ክብ መብራት አለው።

ጥገናው በሁለት ዙር

ለእኔ የጉዳዩ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነው። ኩባንያው ስህተቱን በአንድ ጊዜ አላረመም። ሁለት ጊዜ ነው ያረመው፣ በየተራ።

መጀመሪያ በ2000 የ911 ቱርቦ የራሷን የተለየ መብራት ይዛ መጣች። በ2002 ሞዴል ተራዋ 911ም ያንኑ መብራት አገኘች። አሁን ፊቷ ከቦክስተር ተለየ። ክብ ግን አልሆነም፣ ታችኛው ጥግ አሁንም ፈሰስ ያለ ነው። የእህትማማቾቹ መመሳሰል ተፈታ፣ የባህሉ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ጩኸቱ ለዘብ አለ፣ አልጠፋም።

ቀጥሎ በ2004፣ 997 መጣች። መብራቱ እንደገና ከሞላ ጎደል ክብ ሆነ። ፍሬቻው ተለይቶ ወደ ታች ወረደ። ሞተሩ ግን አሁንም በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። መኪናዋ ወደ ድሮው መጠን አልተመለሰችም፣ ከሥርም የ996ን አጥንት በብዛት ይዛለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣችው ሁለተኛዋ ቦክስተርም ከእሷ ጋር ብዙ ዕቃ ትጋራ ነበር፣ መብራቷ ግን የራሷ ነበር። የማይታየውን ተጋሩ፣ ፊታቸውን ለየብቻ ያዙ። ሰዉም «911 ተመለሰች» አለ።

ምንም ሳትሄድ!

እርግጥ ሌላ ማብራሪያ አለ፣ ችላ ልለው አልፈልግም። ሰባት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ሰዉ ውሃውን ለምዶታል፣ የመረረው ሰው ደግሞ ገበያውን ትቶ አሮጌ 911 ገዝቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ጸጥታው ሁሉ የክብ መብራት ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በመጀመሪያው ዙር ጥገና ጊዜም ዓመታት አልፈው ነበር፣ ያኔ ጩኸቱ ለዘብ ብቻ ነው ያለው። የልማድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ሁለተኛው ዙር ባላስፈለገ ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋናው ነገር ስለ ጊዜ ነው። ልቡን የምትቀይር ከሆነ ፊቱን በዚያው ቀን አትቀይር። ፖርሼ ሞተር፣ መጠን፣ ክሩስኮትና መብራት አንድ ላይ ለወጠ። ደንበኛው የቱ እንዳስከፋው ራሱም ለይቶ መናገር አልቻለም፣ ስለዚህ የሚታየውን ያዘ። ክቡ መብራት በ1997 ቢቆይ ኖሮ ውሃው በቀላሉ ይዋጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ለመኪና ብቻ አይደለም። የጋዜጣ ዓምድ፣ የስልክ መተግበሪያ፣ የማሸጊያ ካርቶን የሚያድስ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ያገኘዋል።

ሁለተኛው ስለ መጋራት ነው። ወጪ ለመቀነስ ዕቃ መጋራት ነውር የለበትም፣ ኩባንያውን ያዳነው እሱ ነው። የተሳሳተው የትኛው ዕቃ እንደሚጋራ ሲመረጥ ነው። የበሩን መጋራት ማንም አላነሳውም። በር ፊት አይደለም።

ባህል የሚባለውን ነገር ዝርዝር ማውጣትም ይጠቅማል፣ ግን ዝርዝሩን ማን ነው የሚያወጣው? መሐንዲስ ቢያወጣው «ሞተር ከኋላ» ይላል። ዲዛይነሩ «የጣሪያው መስመር» ይላል። ሁለቱም ተጠብቀዋል፣ ሁለቱም ውድ ነበሩ። ክቡ መብራት ርካሽና አሮጌ ዕቃ ስለነበር ከዝርዝሩ ወደቀ። ለሠሪው ተራ የሆነው ነገር ለተመልካቹ ዋናው ነበር። በ1963 የተገጠመው ሳይታሰብ መሆኑ ምንም አይለውጥም። መታወቂያ የሚያደርገው ዲዛይነሩ ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ያየው ሰው ነው።

ለተከራካሪዎቹም አንድ ነገር አለኝ። ተቺዎቹ በፊቷ ልክ ነበሩ፣ ኩባንያው ራሱ በ2004 ይህን በላሜራ ጽፎ ፈርሞላቸዋል። በመኪናዋ ግን ተሳስተዋል። «እውነተኛ 911 አይደለችም» ይሉ የነበሩ ሰዎች ከሰባት ዓመት በኋላ አብዛኛው ሥሯ ያው የሆነውን መኪና አጨብጭበው ተቀበሉ። ሲከራከሩ ሁለቱን ለይተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀድመው ይሰሙ ነበር።

የቀረ ነገር

ብዙ የ996 ባለቤቶች ያን ብርቱካናማ ፍሬቻ አውጥተው ነጭ መስታወት ያለው መብራት ገጠሙ። አስኳሉ ጠፋ፣ እንቁላሉ ነጭ ብቻ ሆነ። አሁን ደግሞ 1990ዎቹን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ገንዘብ ይዘው መኪና መግዛት ጀምረዋል። ለእነሱ 911 ማለት ያቺው ናት፣ ክቡን መብራት የሚያውቁት በፎቶ ነው። አንዳንዶቹ መኪናቸው ከፋብሪካ እንደወጣች እንድትሆን ብለው ብርቱካናማውን ኦሪጅናል መብራት ፈልገው ይገዛሉ። የፊቱን ሻንጣ ይከፍታሉ፣ ቁልፏን ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ እንቁላሉን መልሰው ይገጥሙታል።